ስትመለሱ ግቡ

ጋሽ ፈንታሁን ማረፋቸውን የሰማሁት ገበያ መሀል ቁጢጥ ብዬ ድንች ስመርጥ ነው። የደወለልኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ሙሉጌታ ነበር። ለጥቂት ቀናት ታመው ማለዳ ላይ እንዳረፉ፣ ቀብራቸው በማግስቱ ጉና ሥር በተወለዱበት ደብር እንደሚፈጸም፣ መኪናው ገሳይ ድረስ አድርሶን ከዚያ በእግር እንደምንወጣ ነገረኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቅሁት። «ዛሬ ዓርብ ነው?» አልኩት። ዓርብ መሆኑን ነግሮኝ ለምን እንደጠየቅሁ ሊጠይቀኝ ሲል ስልኩን ዘጋሁበት። እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጡብኝ። ድንች ሻጯ ግራ ገብቷት ደህና መሆኔን ስትጠይቀኝ፣ ዓርብን በጣም የሚወዱ ሰው እንደሞቱብኝ ነገርኳት። «ስቅለቱን የሚያስቡ ሰው ነበሩ ማለት ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እንደዚያም ነበሩ። ዓርብን የወደዱበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እሱን ካልተናገርኩ እኚህን ሰው አወቅኋቸው ማለት አልችልም።

የአዳማ ልጅ ነኝ። ተመድቤ ደብረ ታቦር ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ የነበረው ሹራብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የያዝኩት አውቶቡስ ውስጥ ይበርደኝ ይሆናል ብዬ ነበር። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ቢሮ ስገባ ባልደረቦቼ ሁሉ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ጠና ያሉ አንድ ሰው ብቻ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ምሥራቅ ያያሉ። ብርዱ ዘው ብሎ ይገባል፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ላይ ይበራል፣ የሚናገራቸው ግን የለም። ብዙ ካዩ በኋላ መስኮቱን ዘጉና «ዛሬም ተኝቷል» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አጠገቤ ያለችውን ልጅ ታማሚው ማን እንደሆነ ብጠይቃት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለካስ ጋሽ ፈንታሁን የሚያወሩት ስለ ጉና ተራራ ነው። ጉም ከሸፈነው ተኝቷል ይላሉ፤ ከተገለጠ ደግሞ ተነሥቷል። የተነሣ ቀን ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ይነሡታል። ለኃላፊያችን እንኳ እንዲያ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም።

አለባበሳቸው እንደ ጠባያቸው ነበር። ኮታቸው የተተኮሰ፣ ከረቫታቸው በደንብ የታሰረ፣ ከሥር ግን እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር የላስቲክ ቦቲ። ስብሰባም በቦቲ፣ ሠርግም በቦቲ። ከወገብ በላይ ቢሮ ከወገብ በታች መስክ ነዎት እያልኩ ስተርባቸው፣ «የሚያስጠሩኝ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅማ» ይሉኝ ነበር። ሥራቸው የቱሪዝም ባለሙያ ነው። በሌላው መሥሪያ ቤት ይህ ማለት ሪፖርት መጻፍ ነው፤ በእሳቸው ዘንድ ግን ሰው ከቤቱ አውጥቶ ተራራ ላይ ማድረስ ነው።

የከተማችን ስም በየቦታው የሚነሣው በነሐሴ፣ ቡሄ ሲደርስ ነው። ጅራፉ ይጮኻል፣ ባለ ካሜራው ይመጣል፣ ሆቴሉ አልጋ አጥቶ ሰው ወንበር ላይ ያድራል፤ በማግስቱ ሁሉም ወደመጣበት ይበተናል። ጋሽ ፈንታሁን ቡሄን እንደ ልጅ ይወዱታል፤ የአንድ ቀን እንግዳ ግን አይበቃቸውም። ጫማው ሳይቆሽሽ የተመለሰ እንግዳ እንዳልመጣ ይቆጠራል ይሉ ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። በመስከረምና በጥቅምት አደይ ሜዳውን ሲሞላው፣ ባቄላው እሸት ሲሆን፣ ጉና ጉሙን አውልቆ ሲቆም ሰው በየሳምንቱ እንዲወጣ። «ክረምቱ ያን ሁሉ ወር የለፋው መስከረምን ሊያሳየን ነው፤ እኛ ግን ያን ጊዜ ቢሮ ገብተን በር እንዘጋለን» ብለው ከልባቸው ያዝኑ ነበር።

በስብሰባ ላይ ባለሥልጣን ተነሥቶ ቱሪዝም ጭስ አልባው ኢንዱስትሪ ነው ብሎ ንግግር ሲጀምር ወደኔ ጠጋ ብለው ያንሾካሹካሉ። «እንግዳ መጥቶ ጭስ የማይወጣበት ቤት የት አገር ነው ያለው?» ይሉኛል። እኔ ሳቄን ለመደበቅ አጎነብሳለሁ፤ እሳቸው ቀጥ ብለው ማስታወሻ የሚይዙ ይመስላሉ። ስንት ጊዜ በእሳቸው ምክንያት በክፉ ዓይን ታይቻለሁ።

ያልሄድንበትን መንገድ ለሰው እንዴት ኑ ሂዱበት እንላለን ብለው፣ አንድ ቀን መላውን ቢሮ ከገሳይ በላይ ባለው መንገድ አወጡን። ከፊሎቻችን በሽክ ጫማ ነበርን፤ አንዷም እኔ ነኝ። አስፋልቱን ለቀን ትንሽ እንደወጣን የመጀመሪያው ቤት የእማማ አንጓች ነው። እማማ አንጓች ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ አጥሩን ዘሎ ይመጣል። ያን ሁሉ የከተማ ሰው በእግሩ ሲመጣ ሲያዩ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡና አጥሩ ሥር ቆሙ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«ኧረ ማንም አልሞተም እማማ። ሁላችንም ደህና ነን» አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

«እንግዲያው ከብት ጠፍቶባችሁ ነው።»

«አልጠፋብንም። ጉናን ልናይ ነው የምንወጣው።»

እማማ አንጓች ዞር ብለው ተራራውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሱ የት ይሄድና?» አሉ።

ያን ቀን ጉናን አላየንም። እማማ አንጓች ሰው በደጃቸው ሲያልፍ ግቡ ሳይሉ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሰው የለም። ኑ ግቡ ብለው አስገቡን፣ ድንች ቀቀሉልን፣ ጠላ ቀዱልን። እኔ ጠላ አልወድም። አልወድም ማለት ደግሞ አልቻልኩም፤ ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ጋሽ ፈንታሁን ጭንቀቴ ገብቷቸው፣ እማማ አንጓች ጀርባቸውን ሲሰጡ የኔን ሞልቶ የተቀመጠ ጣሳ በባዶው ጣሳቸው ቀየሩልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየደረስንበት ቤት የኔን የሚጠጡልኝ እሳቸው ሆኑ። ሳንነጋገር የተስማማንበት ነገር ነው። በመሸ ጊዜ ወደ ከተማ ስንመለስ መንገዱ አስቸጋሪ ነው አልን እንጂ፣ መንገዱን የያዘችብን የእማማ አንጓች ድንች መሆኗን ማናችንም ልብ አላልንም።

ክፉው ነገር በሚቀጥለው መስከረም ዋዜማ ላይ መጣ። ኃላፊያችን ጋሽ ፈንታሁንን ጠርተው ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነገሯቸው። የጉና ዕቅድ ለዓመታት በወረቀት ላይ ብቻ እየተንከባለለ ነው፤ በዚህ ወቅት እንግዶች ወጥተው ካላሳዩን ይታጠፋል፤ እርስዎም ጡረታዎ እስኪደርስ ንብረት ክፍል ይሠራሉ አሏቸው። በክፋት አልነበረም፤ እሳቸውንም ከላይ የሚጠይቃቸው አለ። ጋሽ ፈንታሁን ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሰላም መሆናቸውን ስጠይቃቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ንብረት ክፍል መስኮት የለውም እኮ» አሉኝ።

እንደዚያ ቀን ያሳዘኑኝ ጊዜ የለም። አንድ የሚፈልጉት ነገር ያ ነበር፤ ሰው ጉና አናት ላይ ቆሞ ማየት። ተራራውን በየቀኑ ከሩቅ እያዩ መሥራት እንኳ ሊቀርባቸው ነው።

ተስፋ የሚቆርጡ ሰው ግን አልነበሩም። ባሕር ዳር ካሉ አስጎብኚዎች ጋር በስልክ ሲነታረኩ ከርመው የተወሰኑትን አንድ እሑድ እንዲመጡ አሳመኗቸው። እነሱ ወደውት ከሄዱ እንግዳ ይልካሉ፤ ካልወደዱት ነገሩ አበቃ። ጋሽ ፈንታሁን ቀደም ብለው በመንገዱ ዳር ያለውን ቤት ሁሉ ዞሩ። እንግዳ ይዤ እመጣለሁና ውሻችሁን እሰሩልኝ ብለው ለመኑ። ትልቁ ስሕተታቸው ይህ ነበር። ውሻው ታስሯል፣ አልዋሹም፤ ግን እንግዳ ይመጣል የተባለ ቤት ውሻ አስሮ ብቻ አይቀመጥም። ያልጠመቀ የለም፣ ያልጋገረ የለም፣ በግ ያረደም አለ።

እሑድ ጠዋት ጉና ያለ አንዳች ጉም ተነሥቶ ጠበቀን። እኛ ግን ከእማማ አንጓች ቤት ስንወጣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደርሳለች። ከእሳቸው ቤት በላይ ያለው ቤት ደግሞ ከእማማ አንጓች ቤት በልተን የእሱን አልፈን ብንሄድ ዕድሜ ልኩን ሊቀየመን ነው። ከዚያ በላይ ያለውም እንደዚሁ። እንግዶቹ አንበላም ሲሉ ምነው ጠላችሁን ይባላሉ፤ ይበላሉ። አንጠጣም ያሉትንና የኔን ድርሻ ደግሞ ጋሽ ፈንታሁን እንደ ልማዳቸው ይጠጣሉ። በመጨረሻ ከአንድ ኮሶ ዛፍ ሥር አረፍ ልበል ብለው ከረቫታቸውን ሳያላሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጉና ተነሥቶ እሳቸው ተኙ። እንግዶቹ ጠግበውና ተደስተው ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ። ለኃላፊያችን ምግቡ ግሩም እንደነበረ፣ ሕዝቡ ደግ እንደሆነ፣ ተራራ ግን እንዳላዩ ነገሯቸው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ፈንታሁን መስኮቱን አልከፈቱም። ማክሰኞም አልከፈቱም። ባልደረቦቼ በሙቀቱ ደስ ያላቸው መስሏቸው ነበር፤ ሐሙስ ሲደርስ ግን ሁሉም መስኮቱን እያየ ያቃስት ጀመር።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከቢሯችን አጠገብ ወዳለች ምግብ ቤት ተያይዘን ገባን። እኔ ጾም ላይ እምብዛም ነኝ፤ ሽሮዬን አዝዤ መብላት ጀመርኩ። እሳቸው ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሰው ናቸውና ዝም ብለው አብረውኝ ተቀመጡ። ባለቤቲቱ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ሌላውን ሁሉ ምን ልታዘዝ ትላለች፤ እሳቸውን ግን አልፋ ትሄዳለች። ይህች ሴት በሌላ ቀን ጋሽ ፈንታሁንን በግድ ካላጎረሰች የማትለቅ ናት። አንድ ጊዜ አለፈቻቸው፣ መልሳ አለፈቻቸው። ዓይናቸው ይከተላት ጀመር።

«ለምንድን ነው ይብሉ ያላለችኝ?» አሉኝ።

«ዓርብ ነዋ ጋሼ። ሰዓት አልደረሰም።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ብድግ አሉና ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ። ሽሮዬን ትቼ ተከተልኳቸው። በዚያ ቦቲ ሲሮጡ ያየኋቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ገብተው፣ እንግዶቹ አንዴ ብቻ እንዲመለሱ፣ ዓርብ ቀን ግን እንዲሆን ለመኑ።

ኃላፊያችን የእሑዱ ጠላ ገና ያልለቀቃቸው መሰላቸው። በጾም ቀን ቱሪስት ምን ሊበላ ነው አሉ። ጋሽ ፈንታሁንም ፈልገው የነበረው እሱኑ እንደሆነ አስረዱ። በዓርብ ማንም ሰው ማንንም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ብላ አይልም፤ ማለትም ነውር ነው። እንግዳው ይጹም አይጹም አይጠየቅም፤ እንደ ጿሚ አክብረው ያሳልፉታል። ጠዋት የወጣ ሰው ያለ ከልካይ ተራራው አናት ይደርሳል፤ ሲወርድ ሰዓቱ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ቤት ሁሉ ክፍት ነው። ኃላፊያችን ብዕራቸውን እያሽከረከሩ ሰሟቸው። በመጨረሻ ራሳቸው ስልኩን አንሥተው ባሕር ዳር ደወሉ።

በተባለው ዓርብ ጋሽ ፈንታሁን አዲስ ከረቫት አስረው መጡ። ሁላችንም ፈርተናል፤ እሳቸው ደግሞ ከሁላችንም በላይ ፈርተዋል። ወደ እማማ አንጓች ቤት ስንቃረብ ርምጃቸውን ቀነሱ። እማማ አንጓች እንደ ልማዳቸው አጥሩ ሥር መጥተው ቆሙ። ኑ ሊሉን እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ አየር ላይ ቀረ። ወደ ፀሐይዋ አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቅ ዛሬም ይታየኛል፤ እንግዳ በደጃቸው ሲያልፍ ዝም ማለት ያማቸዋል፣ ሰዓት ግን አልደረሰም።

«በሉ፣ ስትመለሱ ግቡ» አሉ በመጨረሻ።

ጋሽ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መሬት እጅ ነሧቸው። ከዚያ በላይ ያለውም ቤት ስትመለሱ ግቡ አለን፣ ከእሱም በላይ ያለው። ቃሉ ከቤት ቤት እየተቀባበለን ወጣን። ገብሱ አለቀ፣ የአስታ ቁጥቋጦ ጀመረ፣ እሱም አልቆ ረጅሙ የጅብራ ተክል በየቦታው ብቻውን ቆሞ መታየት ጀመረ። የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ቀና ብሎ አየንና መልሶ ወደ ሥራው አቀረቀረ። ትንፋሼ ሲቆራረጥ ጋሽ ፈንታሁን ዱላቸውን ሰጡኝ። «አንቺ የሙቀት ልጅ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያሉ ሦስት ጊዜ ያህል ዋሹኝ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ከሩቅ ጣና ያበራል። ጋሽ ፈንታሁን የርብና የጉማራ ወንዞች ከዚሁ ተራራ ተነሥተው ወደዚያ እንደሚወርዱ እያሳዩ፣ ሐይቁን የምናጠጣው እኛ ነን ብለው በእንግዶቹ ላይ ተኩራሩ። አስጎብኚዎቹ ፎቶ ሲያነሡ፣ ሲጮኹ፣ ከቦርሳቸው ብስኩት አውጥተው ሲበሉ፣ ጋሽ ፈንታሁን እንዳያፍሩ ብለው ጀርባቸውን ሰጧቸው። እኔ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ቁልቁል ደብረ ታቦር ትታያለች፤ መስኮታችንን እየፈለጉ ነበር።

«ልጄ፣ ንብረት ክፍል አልገባም» አሉኝ።

አላለቀሱም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ በሌላ ሰው ደስታ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንወርድ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። እሸቱ፣ ድንቹ፣ ጠላው ሁሉ ቦታው ላይ ነው፤ እንግዶቹም ርቧቸዋል። በየቤቱ የኔ ጣሳ በዘዴ ወደ ጋሽ ፈንታሁን ይሻገራል። እማማ አንጓች ቤት ስንደርስ መሸት ብሎ ነበር፤ ሴትዮዋ የጣሳውን መሻገር ያዩት ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ የሚያወራ ነገር የለውም፤ ደስታ ነዋ። የጉና ዓርብ እየተባለ ሰው መምጣት ጀመረ። በአንድ ወቅት ውስጥ የመንገዱ ቤቶች ሁሉ ነገሩን ለመዱት። ዓርብ ባይሆንም እንኳ ወደ ላይ የሚሄድን ሰው አይዙም፤ ስትመለሱ ግቡ ብለው ያሳልፋሉ። በኋላ ወደ ከተማችን የሚያስገባው መንገድ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት የሩቁ እንግዳ ቀረ። ይህም ጋሽ ፈንታሁንን አላስቆማቸውም። እኛስ እግር የለንም ወይ ብለው፣ የዩኒቨርሲቲውን አስተማሪዎች፣ የባንኩን ሠራተኞች፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከከተማው ወጥተው የማያውቁትን ሁሉ እየለቀሙ አወጧቸው። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ቀን እያጉረመረሙ ሄደው በሁለተኛው ሳምንት ጫማ ገዝተው መጡ። እኔም ገዛሁ፤ ጠንካራ፣ ቡናማ፣ የማያምር።

ጡረታ በወጡበት ቀን ሽልማት ተሰጣቸው፣ ንግግር ተደረገ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ሲጨርሱ እኔን ጠርተው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። መስኮቱን ላንቺ አደራ አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት መስኮቱን የምከፍተው እኔ ነኝ። አዲስ የሚመደቡ ልጆች ሲንቀጠቀጡ አያለሁ፤ የሚናገረኝ ግን የለም። ጋሽ ፈንታሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉና ጉና ሲሉ ኖረው፣ ጡረታቸውንም በዓርብ ዓርብ እዚያው መንገድ ላይ አሳለፉት።

የቀብሩ ጠዋት የጥቅምት ጠዋት ነበር። አስከሬኑን ዘመዶቻቸው በሌላው መንገድ ቀድመው ወስደውታል። እኛ የቢሮ ሰዎች ግን ሳንነጋገር በእሳቸው መንገድ ካልሄድን አልን። ገሳይ ከመኪናው ወረድን። ሁላችንም ያደረግነው ለተራራ የገዛነውን ጫማ ነው፤ ሌላ ልናደርግ እንዴት እንደምንችል እንጃ። ኃላፊያችንም እንኳ ባርኔጣ አድርገዋል። በማለዳ እርሻው ላይ የደረሰ አንድ ገበሬ ከሩቅ እጁን አውለበለበልን። «ዛሬ ተነሥቷል፤ ታዩታላችሁ» ብሎ ተጣራ። ሙሉጌታም እጁን አውለበለበለት። ደርሶ የሚያስቅ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያ ቀን ለመናፈስ ስንወጣ ለቀስተኛ አስመስሎን ነበር፣ ዛሬ ለቀስተኛ ሆነን ስንወጣ ተናፋሽ መሰልን። ጋሽ ፈንታሁን ቢሰሙት ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ይስቁ ነበር።

እማማ አንጓች ዓይናቸው ደክሟል። አጥሩን ተደግፈው ወጡና ድምፃችንን ሲሰሙ ደስ አላቸው። እንደምን አደራችሁ አሉን፤ ስትመለሱ ግቡ አሉን። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው ከኋላችን ፈለጉ።

«ፈንታሁን ከኋላ ነው?» አሉ።

ሙሉጌታ ጫማውን አየ፤ ኃላፊያችን ባርኔጣቸውን አወለቁ። እዚያ አገር መርዶ እንደዚህ በመንገድ ቆሞ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቤት ተገብቶ ነው። እኛ ግን ዝም ብለን ቆምን፣ እሳቸውም ዝምታችንን ሰሙት።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ እማማ አንጓች።

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ሲጠየቅ የመለሱት እሳቸው ነበሩ፤ ማንም አልሞተም ብለው፣ ሁላችንም ደህና ነን ብለው። አሁን ሁሉም ወደኔ ዞረ። «ጋሽ ፈንታሁን ናቸው እማማ» አልኩ።

እማማ አንጓች አልጮኹም። አጥሩን ለቀቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ በራቸውን ዘጉና ቀድመውን ወጡ። ይኸ ሁሉ ሰው በደጃቸው ሲያልፍ ምን ሊያይ ነው ይሉ የነበሩት ሴት፣ በዚያ ዕድሜያቸው በኛ ጫማ እንኳ የሚከብድ ዳገት በምርኩዝ ብቻ ወጡት። በየቤቱ ሲደርሱ የጋሽ ፈንታሁንን ስም ጠርተው ያለቅሳሉ፤ ሰውም ሥራውን ትቶ ይከተላል። ስትመለሱ ግቡ ያለን አልነበረም፤ ሁሉም አብሮን እየሄደ ነበርና። ደብሩ ስንደርስ መንገዱ ከእኛ እስከ ታች ድረስ በሰው ሞልቶ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን አውጥተው አያውቁም።

ከቀብር በኋላ ቀስ እያልን ወረድን። ከላይ ጀምሮ ሰዉ በየቤቱ እየተቀነሰ፣ እያንዳንዱም ግቡ እያለን፣ በየቦታው ንፍሮ እየዘገንን መጣን። እማማ አንጓች ቤት ስንደርስ በራቸውን ከፍተው አስገቡን። ደክሟቸዋል፤ ቢሆንም ጠላ ራሳቸው ቀዱ፣ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ለኔ የቀዱልኝ ጣሳ ሞልቶ ፊቴ ተቀመጠ። ከልማድ የተነሣ ወደ ጎኔ ዞርኩ። ጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

እማማ አንጓች ያን ባዶ ቦታ አዩት። ሌላ ጣሳ ቀድተው አምጥተው ከኔው ጣሳ አጠገብ አኖሩት።

«ይኸን ሁሉ ዓመት ያንቺን እሱ ሲጠጣልሽ አይቻለሁ» አሉኝ። «ዛሬ የሱን አንቺ ጠጪለት።»

የኔን አነሣሁና ጨረስኩት። ከዚያ የሳቸውን አነሣሁ።